«ጠፋ»፣ «ማን ነህ አለኝ»፣ «ከለከለኝ»፦ የቢሮ ሼር ፎልደር እምቢ ሲል

ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ለቢሮ ሠራተኞችና ለጀማሪ ቴክኒሻኖች የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ብዙም ሳልነካካው እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጠጋ ጠጋ በሉ እስኪ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ከመስኮቱ ራቅ ይላል።

በቅዳሜ ቀን፣ ስንት ገበያና ስንት ማኅበራዊ ጉዳይ እያላችሁ፣ ስለ ፎልደር ለመስማት መጥታችሁ መቀመጣችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ያክብርልኝ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፕ፣ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ አንድ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊችና ሁለት ገመድ አለ። አንደኛው ላፕቶፕ ላይ «ሒሳብ» የሚል ፎልደር ሼር አድርጌያለሁ፣ ሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ እንዲከፍተው ማለት ነው። ከሁለተኛው ላፕቶፕ ግን አይከፈትም። ሆን ብዬ አበላሽቼው ነው ያመጣሁት። የት ጋ እንዳበላሸሁት አልነግራችሁም። ስንጨርስ እናንተ ታገኙታላችሁ።

ጎንደር ውስጥ የቢሮ ኮምፒውተር ስጠግን 14 ዓመት ሆነኝ። ስልኬ ሲጠራ፣ ገና «ሃሎ» ሳልል የሚመጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «ኧረ ወንድሜ፣ ፎልደሩ ጠፋ!» እኔም እጠይቃለሁ። «ስክሪኑ ላይ ምን ይላል? የተጻፈውን ያንብቡልኝ።» መልሱ ደግሞ፣ «እንግሊዝኛ ነገር ነው፣ ዘጋሁት።»

ዘጋሁት! እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ዛሬ ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙ። ያንን ጽሑፍ አትዝጉት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ኮምፒውተሩ የትኛው ጋ እንደተቸገረ እየነገራችሁ ነው። እሱን ዘግቶ ቴክኒሻን መጥራት፣ ሐኪም ቤት ሄዶ የት ጋ እንዳመመን አልናገርም እንደማለት ነው።

ይሄንን ሥራ ስጀምር ሰው የሚነግረኝን ቃል አልሰማም ነበር። ሮጬ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር የምቀመጠው። ኋላ ነው የገባኝ። ሰዉ ሳያውቀው ትክክለኛውን ይናገራል። አንዱ «ጠፋ» ይላል። አንዱ «ማን ነህ አለኝ» ወይም «ፓስዎርድ ይጠይቀኛል» ይላል። ሌላው «ከለከለኝ» ይላል። ሦስት የተለያየ ችግር ነው፣ መፍትሔውም ሦስት ነው። «ጠፋ» ከሆነ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። «ማን ነህ» ከሆነ ችግሩ ስም ላይ ነው። «ከለከለኝ» ከሆነ ችግሩ ፈቃድ ላይ ነው። የፈቃድን ችግር በገመድ አታድኑትም፣ የገመድን ችግርም ፈቃድ በመስጠት አታድኑትም። ዛሬ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምንሄደው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይግባን። ሼር ፎልደር አየር ላይ አይኖርም። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ፣ አንድ ዲስክ ላይ ነው ያለው። እናንተ ስክሪን ላይ የምታዩት ቅጂውን ሳይሆን ራሱን ነው። ቤቱ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያንን ኮምፒውተር ለዛሬ «ባለቤቱ» እንበለው። ባለቤቱ ከጠፋ ፎልደሩም የለም።

እሺ፣ የመጀመሪያው። «ጠፋ።»

አንድ ክረምት አዘዞ ካለ አንድ ቢሮ ተደወለልኝ። «ሲስተሙ ወድቋል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ የለም» አሉኝ። ዝናቡ እንዴት ይወርድ እንደነበር! ከፒያሳ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ስገባ ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሰው ሞልቶበታል። ጫፍ ላይ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው እስከ ትከሻቸው ርሷል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ ጋቢያቸው ውስጥ አቅፈውታል። ሰውነታቸው ርሶ ወረቀቱ አልረጠበም። «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ይመለሱ» ተብለዋል። ነገ ማለት ለእሳቸው ሌላ ቀን መንገድ ነው።

ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ፎልደሩ ያለው የኃላፊው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኃላፊው መስክ ወጥተዋል፣ ቢሯቸው ተቆልፏል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማንም ሳይነካው ስለቆየ ተኝቷል፣ ስሊፕ ገብቷል። ቁልፉ ተፈልጎ መጣ። ኪቦርዱን ነካሁት። ስክሪኑ በራ። አለቀ። እኚያን አባት ሲጠሯቸው ሰማሁ። እሳቸው በምን ምክንያት ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጡ ዛሬም አያውቁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንን ነው። ባለቤቱ በርቷል ወይ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ተመልሶ ተነሥቷል ወይ? ነቅቷል ወይ? ፎልደር የያዘ ኮምፒውተር መተኛት የለበትም። ሴቲንግ ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ገብታችሁ ስሊፕን «ኔቨር» አድርጉት። ስክሪኑ ይጥፋ፣ ችግር የለውም፣ ኮምፒውተሩ ግን ነቅቶ ይዋል።

ቀጥሎ ገመዱ። ስዊቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ተመልከቱ። የእናንተ ገመድ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ መብራት ከሌለ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ምንም አትነካኩ። ገመዱን አውጥታችሁ ጫፉን እዩት። ይሄው፣ ላሳያችሁ። እዚህ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ አለች። ስትሰኩት «ቀጭ» የምትለው እሷ ናት። ይቺኛው ተሰብራለች፣ አያችሁ? ስትሰበር ገመዱ የተሰካ ይመስላል እንጂ አልተሰካም። ጠረጴዛ ሲገፋ፣ ወለል ሲጠረግ ሸርተት ይላል። ኮምፒውተሩ አንዴ ያገኛል፣ አንዴ ያጣል። እንዲህ «አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ይቺን ምላስ ነው። የጠረጴዛ እግር የቆመበት ገመድም ያው ነው፣ ከላይ ደኅና ይመስላል፣ ውስጡ ካሉት 8 ሽቦዎች አንዱ ተቆርጧል። ደግሞ በአንድ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አትሂዱ።

መብራቱ በርቶ ፎልደሩ አሁንም ከሌለ፣ ወደ አድራሻ እንሄዳለን። ስታርት ላይ «ሲኤምዲ» ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው ጥቁር መስኮት ላይ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። በሁለቱም ኮምፒውተር፣ በእናንተም በባለቤቱም። ቁጥር ያወጣል፣ ለምሳሌ 192.168.1.20። በትንሽ ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ 192.168.1 ሌላው 192.168.0 ከሆነ በአንድ ግቢ ያሉ ይምሰላችሁ እንጂ የተለያየ ሰፈር ናቸው። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንድ ሰው ዋይፋይ ደከመብኝ ብሎ ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ሲሰካ ነው። ማንንም አይጠይቅም፣ ይሰካዋል። በማግስቱ ግማሹ ቢሮ «ጠፋ» ይላል።

ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ደግሞ ኮምፒውተራችሁ አድራሻ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው። ራሱ ለራሱ ነው ቁጥር ያወጣው። ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ራውተሩ ነው። እዚያው ፈልጉ።

በዋይፋይ የምትሠሩም አላችሁ አይደል? «ገስት» በሚለው ዋይፋይ ገብታችሁ እንዳይሆን። እሱ ኢንተርኔት ይሰጣል እንጂ ብዙ ጊዜ የቢሮውን ኮምፒውተሮች አያሳይም። የተሠራው ለዚያ ነው።

አሁን ፒንግ። ሌላውን ኮምፒውተር «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ፒንግ» ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ የባለቤቱን ቁጥር ጻፉ። መልስ ከመጣ መንገዱ አለ። ካልመጣስ? እዚህ ላይ ጀማሪ ቴክኒሻኖች ስሙኝ። ፒንግ አለመመለሱ ብቻውን መንገድ የለም ማለት አይደለም። ፋየርዎል፣ ያ ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው የኮምፒውተሩ ዘበኛ፣ ፒንግን ሊዘጋው ይችላል። መልስ ከመጣም ፎልደሩ ይከፈታል ማለት አይደለም። ፎልደር የሚሄደው ኤስኤምቢ በሚባል የመነጋገሪያ ዘዴ፣ ቁጥር 445 በሆነ በር ነው። መንገዱ ተከፍቶ ያ በር ሊዘጋ ይችላል።

በሩን ማን ይዘጋዋል? ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያይ «ፐብሊክ» ይለዋል፣ እንደ ካፌ ዋይፋይ ይቆጥረዋል፣ ራሱን ይደብቃል፣ በሩን ይዘጋል። ራውተር ስትቀይሩ ለእሱ ኔትወርኩ አዲስ ነው! የትናንትናው ቢሮ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ራውተር በተቀየረ ማግስት ፎልደር ጠፋ ከተባለ፣ ባለቤቱ ላይ ሂዱና ኔትወርኩን «ፕራይቬት» አድርጉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይሄንን ሳላውቅ በፊት ስንት ኮምፒውተር ፎርማት እንዳደረግሁ ሳስበው ያንገበግበኛል። የሰው ሥራ፣ የሰው ጊዜ!

እባካችሁ፣ ኔትወርክ የሚለው መስኮት ላይ ኮምፒውተሩ ስላልታየ ብቻ ጠፋ አትበሉ። ያ ዝርዝር ሌላ አገልግሎት የሚሠራው ነገር ነው። ስም ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ፎልደሩ በደንብ የሚከፈትበት ጊዜ ብዙ ነው። በቁጥር ሞክሩ። የፎልደር መስኮቱ አናት ላይ፣ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ፣ ሁለት ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ አድርጉና ቁጥሩን ጻፉ፣ ኢንተር በሉ። በቁጥር ተከፍቶ በስም እምቢ ካለ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኝ ነው። በቁጥር ስትሄዱ ደግሞ ቁጥሩ ዛሬ 20 ነገ 35 እንዳይሆን ራውተሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ ቁጥር አስይዙለት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፎልደር የሚጠፋበት ቢሮ ካያችሁ፣ ቁጥሩ እየተቀያየረ እንደሆነ ጠርጥሩ። በ80070035 የሚያልቅ ቁጥር ያለበት ጽሑፍ ካያችሁም እዚሁ «ጠፋ» ውስጥ ናችሁ፤ መንገዱን አላገኘሁትም ማለቱ ነው።

አንድ ወንድሜ ቅድም በር ላይ «ፋየርዎሉን ማጥፋት አይሻልም?» አለኝ። አይሻልም! ለሙከራ ሁለት ደቂቃ አጥፍታችሁ ካያችሁ በኋላ መልሱት። ፋየርዎሉ ሲጠፋ ፎልደሩ ከተከፈተ ችግሩን አገኛችሁት። ከዚያ ፋየርዎሉ ውስጥ ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ የሚለውን ለፕራይቬት ብቻ ፍቀዱለት። የራሱ ፋየርዎል ያለው አንቲቫይረስ ከተጫነም እሱ ውስጥ እንደዚሁ። ቁልፉ ጠፋ ተብሎ በር አይነቀልም።

ሁለተኛው። «ማን ነህ አለኝ።»

እዚህ ከደረሳችሁ ደስ ይበላችሁ። መንገዱ ደኅና ነው፣ ባለቤቱ ነቅቷል፣ በሩም ላይ ደርሳችኋል። አሁን የሚጠይቃችሁ ስም ነው። ግን የየትኛውን ስም? ሰው ሁሉ የሚሳሳትባት ቦታ ይቺ ናት። የሚፈልገው እናንተ ጠዋት ኮምፒውተራችሁን የከፈታችሁበትን ስም ሳይሆን፣ ባለቤቱ የሚያውቀውን ስም ነው። ባለቤቱ ላይ ያልተመዘገበ ሰው የባለቤቱን ፎልደር አይከፍትም። በትንሽ ቢሮ፣ ማዕከላዊ ሰርቨር በሌለበት፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስምና ፓስዎርድ ይከፈትለታል። እሱን ነው የምትጽፉት።

ፒን አትጻፉ። ያቺ በአራት ቁጥር ኮምፒውተር የምትከፍቱባት ፒን የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ናት፣ በኔትወርክ አትሄድም። ስንት ሰው ፒኑን አሥር ጊዜ ጽፎ «ፓስዎርዴን ሰረቁኝ» ብሎ ደውሎልኛል! ማንም አልሰረቀውም። ፒን ነው የጻፈው። ባዶ ፓስዎርድም አይሠራም። ባለቤቱ ላይ ያለው ስም ፓስዎርድ ከሌለው ዊንዶውስ በኔትወርክ አያስገባውም፣ እዚያው ፊቱ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው።

ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ «ማን ነህ» ካለ ደግሞ ጠይቁ። ፓስዎርድ የቀየረ አለ ወይ? ኮምፒውተራችሁ የድሮውን ፓስዎርድ ይዞ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ስምና ፓስዎርድ የሚያስቀምጥበት ክሬደንሻል ማናጀር የሚባል ቦታ አለ፣ ስታርት ላይ ስሙን ብትጽፉት ይመጣል። የባለቤቱን ስም ወይም ቁጥር ፈልጋችሁ አጥፉት፣ እንደገና ሲጠይቃችሁ አዲሱን ስጡት። አንዳንዴ «በሁለት ስም መግባት አይቻልም» የሚል ነገር ያመጣል። ቀደም ብላችሁ በሌላ ስም ገብታችኋል ማለት ነው። ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ።

ለመላው ቢሮ አንድ ስም፣ አንድ ፓስዎርድ የምትጠቀሙ እጃችሁን አውጡ እስኪ። ብዙ ናችሁ። አልፈርድባችሁም፣ ይቀላል። ግን ነገ አንድ ሰነድ ተቀይሮ ቢገኝ ማን ቀየረው? ሁሉም። ማን አጠፋው? ሁሉም። ንጹሑም ሰው አብሮ ይጠረጠራል። ለየብቻ ስም መክፈት ሠራተኛውን ራሱን መጠበቅ ነው።

ያለ ስም፣ በእንግድነት መግባትም እያበቃለት ነው። በፈረንጆች 2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ዝመና፣ 24ኤች2 የሚባለው፣ ከድሮ ዕቃ ጋር ለመነጋገር ጠንከር ያለ ሆኗል። ኮምፒውተሩን ካደሳችሁ በኋላ አሮጌ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን አልከፍት ካለ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ስም ክፈቱለት፣ ሶፍትዌሩን አድሱለት።

ሦስተኛው፣ እኔ ብዙ የምቆይበት። «ከለከለኝ።»

ሁላችሁም ፋሲል ግቢ ገብታችኋል። ዙሪያውን ቅጥር አለው፣ ቅጥሩ 12 በር አለው። እያንዳንዱ በር ስምና ባለቤት ነበረው። ወንበር በር የዳኞች ነው፣ እምቢልታ በር የእምቢልተኞች ነው። እምቢልተኛው በእምቢልታ በር ገባ ማለት የንጉሡ እልፍኝ ገባ ማለት ነው? አይደለም። እልፍኙ የራሱ በር አለው፣ የራሱ አስከልካይ አለው።

ሼር ፎልደርም ልክ እንዲሁ ሁለት በር ነው። የፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሼሪንግ» የሚለው የቅጥሩ በር ነው። «ሴኩሪቲ» የሚለው የእልፍኙ በር ነው። ከኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ያልፋል። ጠበብ ያለው ያሸንፋል። ቅጥሩ «ጻፍ» ብሎ እልፍኙ «አንብብ ብቻ» ካለ፣ ማንበብ ብቻ ነው። ብዙ ቴክኒሻን ሼሪንግ ላይ ሁሉንም ፈቅዶ፣ ሴኩሪቲን ረስቶ፣ «ሁሉን ከፍቻለሁ ለምን ይከለክላል» እያለ ግማሽ ቀን ይለፋል። ሁለተኛው በር እንዳለ አያውቅም።

«ዲናይ» የሚለውን ሳጥን አትንኩት። ክልከላ ፈቃድን ያሸንፋል። ሰውዬው በሦስት ቡድን ተፈቅዶለት በአንዱ ከተከለከለ፣ ተከልክሏል። አንድን ሰው ማስገባት ካልፈለጋችሁ አትፍቀዱለት፣ ይበቃል። አዲስ ቡድን ውስጥ ያስገባችሁት ሰውም ወጥቶ እስኪገባ፣ ሎግ አውት አድርጎ እስኪመለስ አዲሱ ፈቃድ አይደርሰውም።

ደግሞ ይሄን ስሙ። ከፎልደሩ ውስጥ ሁሉም ፋይል ይከፈታል፣ አንዱ ብቻ ይከለክላል። ለምን? ሙቭ ስለተደረገ ነው ብዙ ጊዜ። በዚያው ዲስክ ላይ ፋይል ከግል ፎልደር ወደ ሼር ፎልደር ስታዛውሩ የድሮ ፈቃዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ኮፒ ስታደርጉት ግን የአዲሱን ቤት ፈቃድ ይወስዳል። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሳምንት ሙሉ «ሆን ብለሽ ቆለፍሽብን» ስትባል ነበር። እሷ ምንም አላደረገችም፣ ፋይሉን ጎትታ ነው ያስገባችው። ሴኩሪቲ ውስጥ፣ አድቫንስድ ገብተን፣ ከላይኛው ፎልደር ፈቃድ እንዲወርስ አደረግነው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የኮምፒውተር ችግር ሰው ከሰው ያቀያይማል፣ አትናቁት።

አሁን ልነግራችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ።

ሲከለክል፣ ሁሉም የሚያውቃት አንዲት አቋራጭ አለች። «ኤቭሪዋን፣ ፉል ኮንትሮል።» ሁሉም ሰው፣ ሙሉ ሥልጣን። ሁለት ጊዜ ክሊክ ነው። ፎልደሩ ይከፈታል፣ ሁሉም ያጨበጭብላችኋል፣ ሒሳባችሁን ተቀብላችሁ ትወጣላችሁ። እኔ አድርጌዋለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ፣ አንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ፣ መሽቶብኝ ስለነበር፣ የደመወዝ ፎልደሩን ለሁሉም ከፍቼ ሄድኩ። ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኩ። አልተመለስኩም። ሠርቷላ!

ከወራት በኋላ አንድ ልጅ፣ ገና የተቀጠረ፣ የራሱን ፎልደር አጠፋሁ ብሎ የደመወዙን አጠፋው። ፎልደሮቹ ጎን ለጎን ነበሩ። «ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይኖራል» ብለው ፈለጉ። የለም። ልብ በሉ፣ በኔትወርክ የጠፋ ፋይል እናንተ ሪሳይክል ቢን ውስጥም፣ ባለቤቱ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አይገባም። ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አልነበረም። የሒሳብ ኃላፊዋ፣ ትልቅ ሴት፣ ከታተመው ወረቀት እያዩ ሦስት ሌሊት መልሰው ጻፉት። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሄጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁጥር ያነቡልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሻይ ቀዱልኝ። ያ ሻይ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ ነው። ልጁም ያለ ጥፋቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሩን ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ሲከለክል አትክፈቱ፣ ጠይቁ። ማን ነው መግባት ያለበት? ማንበብ ነው ወይስ መጻፍ? ማጥፋትስ ለማን? በወረቀት ላይ ስም ጻፉ፣ ከዚያ በቡድን ፍቀዱ። አሥር ደቂቃ ነው። ባክአፑንም በሌላ ዲስክ፣ ከባለቤቱ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ያዙ።

ቶሎ ቶሎ ሦስት ነገር ልጨምር፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«ተይዟል» የሚል ቅሬታም አለ። ኤክሴሉን ሌላ ሰው ከፍቶታል። አንድ ዓመት በከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ አንድ ቢሮ አጣዳፊ ሪፖርት ነበረው። ፋይሉን ከፍቶ የተወው ሠራተኛ ቢሮውን ቆልፎ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል። በዚያ ሕዝብ መሀል፣ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወርደው ሰው ውስጥ ማን ያገኘዋል? ባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት፣ ከዚያ ሼርድ ፎልደርስ፣ ከዚያ ኦፕን ፋይልስ ግቡ። ማን የትኛውን እንደያዘ ስሙ ተጽፏል። መዝጋት ይቻላል። ግን ያልተቀመጠ ሥራው ሊጠፋ ስለሚችል መጀመሪያ ደውሉለት።

«ጠዋት ይሠራል፣ ሰው ሲበዛ እምቢ ይላል» ካላችሁ ቁጠሩ። መደበኛው ዊንዶውስ 10 እና 11 ሰርቨር አይደለም፣ በአንድ ጊዜ ከ20 መሣሪያ በላይ አያስተናግድም። ቢሮው አድጓል ማለት ነው። ሰርቨር የሚገዛበት ቀን ደርሷል።

የመጨረሻው ስለ አሮጌ ፎቶኮፒ ማሽን ነው። ስካን አድርጎ ወደ ፎልደር የሚልከው፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ እምቢ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር «ኤስኤምቢ 1ን አብራው» ነው። እንዳታደርጉት። ኤስኤምቢ 1 ከ1980ዎቹ የመጣ አሮጌ ዘዴ ነው። በፈረንጆች ግንቦት 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በእሱ ቀዳዳ ገብቶ ነው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደርሰው ነበር። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ዝመና ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት ላይ አውጥቶት ነበር። ያልጫነው ነው የተመታው። በዚያው ዓመት ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ ኤስኤምቢ 1 ከመጀመሪያው ተጭኖ አይመጣም። አንድ ስካነር እንዲሠራ ብላችሁ መልሳችሁ አትትከሉት። ማሽኑ በፍላሽ ወይም በኢሜይል ይላክ።

ይኸው ነው። አሁን የእናንተ ተራ።

ይሄንን ላፕቶፕ ወደ እናንተ አዞርኩት። «ሒሳብ» የሚለውን ልክፈት። አያችሁ? ጽሑፍ መጣ። አልዘጋውም። የኔ እህት፣ አዎ አንቺ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስሽው፣ ነይ እስኪ ጮክ ብለሽ አንብቢልን። ሌሎቻችሁ ስሙና ንገሩኝ። «ጠፋ» ነው፣ «ማን ነህ» ነው፣ ወይስ «ከለከለኝ»?